ከሐረጎ እስከ ባቲ፦ ጎማና ወቅት በወሎ መንገድ

ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በጦሳ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በነሐሴ ጠዋት መብራቱን አብርቶ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት ጉም የሚሰነጥቅ ሾፌር ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን አውልቆ መስኮት ይከፍታል። ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ ከዘለቀ ደግሞ አስፋልቱ ራሱ ይፋጃል። እዚህ አገር ወቅት የሚፈራረቀው በወር ብቻ ሳይሆን በኪሎ ሜትርም ነው። ላንድክሩዘር ወይም ፕራዶ የያዘ ሰው ጎማ ሊቀይር ሱቅ ገብቶ «ለሁሉም ወቅት የሚሆን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ታዲያ አይፈረድበትም። ጎማው የተሰናዳው ለየትኛው አገር ወቅት እንደሆነ ግን ማወቅ አለበት።

መኪና ለዚህ ተዳፋት የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። የአፋር ግመል ባቲ ገበያ ድረስ ጨው ጭኖ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ዳገት የበቅሎና የአህያ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ከተማ ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ተያዘች። ሚያዝያ 18 ደግሞ የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ እስከ ሚያዝያ 27 ድረስ ፈጀበት። ያን ያህል ሞተር ያዘገየው ጭቃው ነበር፤ የፈረሰው የጣርማ በር መንገድም ተጨመረበት። የወሎና የሸዋ ደጋ ለጎማ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከዚያ ሰልፍ በላይ የሚመሰክር የለም ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ወራሪው ዓለቱን እየፈለፈለ መንገድ ሠራ። ጣርማ በር ላይ ዋሻ ተከፈተ፤ ከኮምቦልቻም በባቲ በኩል አሰብ የሚያደርስ መንገድ ወጣ። ለራሱ ብሎ የሠራው መንገድ ግን ጠላቱንም አስገባበት። ኮምቦልቻ በር ላይ ከተደረገው ውጊያ በኋላ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ደሴን የያዘው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ባዶሊዮ ከደሴ በተነሣ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ።

ኮምቦልቻን የሾፌርና የጎሚስታ ከተማ ያደረጋት ያ የአሰብ መገንጠያ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከአሰብ የሚመጣ ጭነት በዚህ ያልፍ ነበር። ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ተሳቢውን እየጎተተ ከአፋር ሙቀት ተነሥቶ ሐረጎን ይወጣል፤ ሲመለስ ደግሞ ፍሬኑ እስኪሸት ይወርዳል። ጎማው የውስጥ ጎማ ያለው፣ ሽፋኑም ወፍራም ስለነበር ሙቀት ያፍናል። በአዲስ አበባ የአዲስ ጎማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተቋቋመ ወዲህ የአገር ውስጥ ምርትም ተገኘ። ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1946 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ራዲያል ጎማ ወደዚህ መንገድ ሲደርስ ለሾፌሩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሙቀቱ ያንሳል፣ መሬትም በደንብ ይይዛል።

ላንድክሩዘር ወሎ ላይ የታወቀው በክብር መኪናነት አልነበረም። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የእርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድክሩዘሮች ጠባብና ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ አድርገው፣ አስፋልት ወዳልደረሰበት የእህልና የሐኪም መንገድ ይወጡ ነበር። ያ ጎማ ለድንጋይና ለጭቃ የታሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው፣ እኛ ቪ8 የምንለው ሞዴል ግን ሌላ ፍጥረት ነው፦ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን፣ በብዙዎቹ ላይ 285/60 አር 18 የሆነ ሰፊና ጎኑ ዝቅ ያለ ጎማ የተገጠመለት። በዚህ መኪና ላይ ለወጉ ሲባል ጥርሱ የጎላ የጭቃ ጎማ የሚያስገጥሙ አሉ። ግርማ እንደሚሰጠው አልክድም። እርጥብ አስፋልት ላይ ግን የጭቃ ጎማ መሬት የሚነካው ገጽ ስለሚያንስ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ቶሎ አይቆምም፤ የሐረጎ ቁልቁለት ደግሞ ይህ የሚፈተንበት ቦታ አይደለም።

«የሁሉም ወቅት» የተባለው ጎማ የተወለደው አሜሪካ ነው። ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1977 ቲዬምፖ የተባለውን ጎማ ሲያወጣ ዓላማው ሾፌሩ በክረምት የበረዶ ጎማ፣ በበጋ ሌላ ጎማ ከመቀያየር እንዲያርፍ ነበር። ጎኑ ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ምልክት ጭቃና በረዶ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ደግሞ ጎማው በረዶ ላይ መፈተኑን ይናገራል። ለቦስተን ሰው ይህ ምልክት ነፍስ ያድናል። ለደሴ ሰው ግን በዚህ ምክንያት ዋጋ መጨመር ለማይመጣ እንግዳ ድግስ መደገስ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ውኃ በፍጥነት የሚያስወጣ ጥርስ፣ ሙቀት የሚችል ሽፋንና ለመኪናው ክብደት የሚበቃ አቅም ነው። ለቪ8 ልክ የሚመጣው ጎማ ጎን ላይ 116 የሚል ቁጥር ካለ አንዱ ጎማ 1,250 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ከዚያ ያነሰውን ርካሽ ነው ብሎ መግዛት አይገባም።

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ጎንበስ ብሎ ጎማውን ማየት ይሻላል። «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ 2324 ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ሳምንት ነው። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ሊደርቅ ይችላል፤ ይህን የሚያሳብቀው ያ ቁጥር ነው። ቪ8 አራቱም እግሮቹ ሁልጊዜ ስለሚነዱ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ማቀላቀል ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። አራቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ኪስን ቢያምም፣ ተገቢው እሱ ነው።

የአየሩ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ደሴ ላይ በቀዝቃዛ ጠዋት 35 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ጎማ ሚሌ ደርሶ ቢያርፍም፣ የበረሃው ሙቀት ስለሚያሳብጠው 37 ገደማ ያነባል፤ ከፍታው መውረዱ የጭማሪውን ከፊል ስለሚያካክስ ነው እንጂ ከዚህም በላይ በሆነ ነበር። በጉዞ ሲግል ይበልጥ ይወጣል። ይህን አይቶ አየር የሚያስቀንስ ሾፌር ማታ ደሴ ሲመለስ ጎማው ይጎድልበታል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፣ መጨረሻውም መፈንዳት ነው። መለካት ያለበት ሳይነዳ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ነው።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ አዲስ የሚመጣው ቅንጡ መኪና ኤሌክትሪክ ነው። በባትሪው ምክንያት ይከብዳል፤ ከቆመበት ሲነሣም ጉልበቱን በአንዴ ስለሚለቅ ጥርስ ቶሎ ይጨርሳል። በመሆኑም ጎማው «ኤክስ ኤል» የሚል የተጨማሪ ጭነት ምልክት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ሐረጎን ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ደሴ ላይ ባትሪው ጢም ብሎ ከወጣ ግን የሚገባው ኃይል ቦታ አያገኝም፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። ስለዚህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ባትሪውን ትንሽ አጉድሎ ቢነሣ ይሻለዋል።