የስኳር በሽታ መድኃኒቶችና የደም ሥሮቻችን ጤና



«ኪኒኑ ኩላሊት ይጎዳል»፣ «ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ዓይኑ ይጠፋል» ሲባል ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ ሰምተው መድኃኒታቸውን ያቆሙ፣ በጥቁር አዝሙድና በማር ብቻ የቀሩ፣ ከዓመታት በኋላ ግን በእግር ቁስል ወይም በስትሮክ ሐኪም ቤት የገቡ ወገኖች አሉ። እውነቱ ሌላ ነው። ዓይንንና ኩላሊትን የሚጎዳው ቁጥጥር ሳይደረግበት የቆየው ስኳር ነው። ኢንሱሊን ብዙውን ጊዜ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ስለሚጀመር ቀድሞ የደረሰው ጉዳት በእርሱ ይሳበባል። በዚህ ጽሑፍ በብዛት የሚታየው ዓይነት 2 የስኳር በሽታ መድኃኒቶች ለደም ሥሮቻችን ምን እንደሚያደርጉ እናያለን።

ስኳር የደም ሥርን እንዴት ይጎዳል?

የደም ሥር ውስጠኛው ገጽ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ብቻ የተሸፈነ ነው። ይህ ስስ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር እያመነጨ የደም ሥሩ እንዲለጠጥ፣ ደሙም ያለ ቦታው እንዳይረጋ ያደርጋል። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ይህ ሥራ ይዳከማል። ስኳሩ ከፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ ግድግዳውን ያጠነክረዋል፤ ጎጂው ኮሌስትሮልም ወደ ውስጥ ሰርጎ ይከማቻል።

ጉዳቱ በሁለት ይከፈላል። ቀጫጭኖቹ ሲጎዱ ዓይን፣ ኩላሊትና ነርቭ ይታመማሉ። ትላልቆቹ ሲጠቡ ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የእግር ደም ዝውውር መቋረጥ ይከተላሉ። ጉዳቱ ለዓመታት ያለ ምንም ሕመም ስለሚሄድ «ደህና ነኝ» ብሎ መድኃኒት ማቆም ትልቅ ስህተት ነው።

ሜትፎርሚን

ሜትፎርሚን ጉበት የሚያመርተውን ስኳር ይቀንሳል፤ ሰውነትም ኢንሱሊንን በደንብ እንዲጠቀም ይረዳል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ተጀምሮ በ1998 ዋና ውጤቱ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ነበር። በዚህ ጥናት ክብደታቸው ከፍ ያለና ሜትፎርሚን የወሰዱ ሕመምተኞች፣ በዋናነት በአመጋገብ ብቻ ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ ድንገተኛ የልብ ሕመም በ39 በመቶ ቀንሶላቸዋል። መድኃኒቱ በዋጋውም ከርካሾቹ አንዱ ነው።

ሜትፎርሚን ጤነኛ ኩላሊትን አይጎዳም። ኩላሊቱ ቀድሞ በጣም የደከመ ሰው ግን ሊወስደው ስለማይገባ ሐኪሞች የኩላሊት ምርመራ በየጊዜው ያዛሉ። ለብዙ ዓመታት የወሰደው ሰው ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 መጠኑን ቢያስመረምር መልካም ነው።

ግሊቤንክላሚድና ኢንሱሊን

ግሊቤንክላሚድና መሰሎቹ ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያደርጋሉ። በዚያው የብሪታንያ ጥናት በእነዚህ ኪኒኖች ወይም በኢንሱሊን ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩ ሰዎች ላይ የቀጫጭን ደም ሥሮች ጉዳት በ25 በመቶ ቀንሷል። ከ10 ዓመት ተጨማሪ ክትትል በኋላ ደግሞ የልብ ሕመማቸውም ቀንሶ ተገኝቷል። መጀመሪያ ላይ የተደረገ ጥንቃቄ ፍሬው ዘግይቶም ይታያል ማለት ነው።

የእነዚህ መድኃኒቶች ዋና አደጋ ስኳር ከልክ በላይ መውረዱ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ስኳርን ከሚገባው በላይ ማውረድም ጥሩ አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ስኳራቸው እጅግ ዝቅ እንዲል የተደረጉት ሰዎች ሞት በልጦ በመገኘቱ ያ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2008 ተቋርጧል። ስለዚህ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር በሚያሳየው ምርመራ ለብዙ አዋቂዎች የሚፈለገው ውጤት ከ7 በመቶ በታች ነው፤ ለአረጋውያንና ለተደራራቢ ሕመምተኞች ደግሞ ሐኪሙ ከዚህ ሊያላላው ይችላል።

ኢንሱሊን ከአሳማ ይሠራል ብለው የሚሰጉም አሉ። ቀደም ሲል ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያና በእርሾ አማካይነት ይመረታል፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበትም ይኸው ነው።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶች

እ.ኤ.አ. በ2007 ሮሲግሊታዞን የተባለው መድኃኒት ስኳርን እየቀነሰ ልብን ሊጎዳ ይችላል የሚል ብርቱ ጥያቄ ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶች ለልብና ለደም ሥር ያላቸው ደኅንነት እንዲረጋገጥ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ያልተጠበቀ መልካም ዜና አመጡ።

ኤምፓግሊፍሎዚን ትርፍ ስኳርን በሽንት ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት የስኳርና የልብ ወይም የደም ሥር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በእነዚህ ሕመሞች የሚመጣውን ሞት በ38 በመቶ ቀንሷል። የኩላሊትን መድከምም ያዘገያል። በአንጻሩ የብልት አካባቢ ኢንፌክሽንና የሰውነት ድርቀት ሊያስከትል ይችላል።

ሊራግሉታይድና ሴማግሉታይድ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱ፣ በአብዛኛው በመርፌ የሚሰጡ ናቸው። ሊራግሉታይድ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ በወጣ ጥናት የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በ13 በመቶ ቀንሷል። ሴማግሉታይድ የሚጀምር ሰው ግን አስቀድሞ ዓይኑን ይመርመር፤ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ የነበረ የዓይን ጉዳት ሊባባስ ይችላል።

አዲሱን መግዛት የማይችልስ?

አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ውድ ናቸው፤ ይህን አንክድም። ይሁንና በእነርሱ ማጣት ተስፋ መቁረጥ አይገባም። በዴንማርክ 160 የስኳር ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ግማሾቹ ስኳራቸውን፣ ግፊታቸውንና ኮሌስትሮላቸውን በአንድነት በጥብቅ እንዲቆጣጠሩ፣ እንዲንቀሳቀሱና ሲጋራ እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ8 ዓመት ገደማ በኋላ የልብና የደም ሥር ሕመም በእነርሱ ላይ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ያን ጊዜ ዛሬ የምናወራላቸው አዳዲስ መድኃኒቶች አልነበሩም።

ስለዚህ ሐኪማችንን «ስኳሬ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ግፊቴስ? ኮሌስትሮሌስ? በሽንቴ ፕሮቲን አለ ወይ? ስታቲን ያስፈልገኛል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። የስኳር ኪኒን እየዋጡ ግፊትን መተው በሩን ዘግቶ መስኮቱን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ረመዷን ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በረመዷን ዓይነት 2 ሕመምተኞች ላይ ከባድ የስኳር መውረድ ከሌላው ጊዜ ከ7 እጥፍ በላይ ጨምሯል። ስለዚህ ከረመዷን ስድስትና ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ሜትፎርሚን ብዙ ጊዜ በኢፍጧርና በሱሑር ሰዓት ይስተካከላል። የግሊቤንክላሚድና የኢንሱሊን መጠን ግን ሊቀነስ ወይም ሊለወጥ ይገባው ይሆናል፤ ይህን በራሳችን አንወስን።

የጣት ደም መለካት ፆም እንደማያፈርስ ዑለማዎች ይገልጻሉ። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ሐኪሞች ወዲያውኑ ማፍጠርን ይመክራሉ። አላህ በሱረቱል በቀራ ለሕመምተኛ የሰጠው ፈቃድ ከእርሱ የሆነ እዝነት ነው፤ ቀዷ ወይም ፊድያን በተመለከተ የአካባቢያችንን ዓሊም እንጠይቅ።

በየዕለቱ የምናደርገው

ውዱእ ስናደርግ እግራችንን እንይ። በጣቶች መካከል ቁስል፣ ስንጥቅ ወይም የቀለም ለውጥ ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም እንሂድ፤ ከታጠብን በኋላም በጣቶቹ መካከል እናድርቅ። የውኃውን ሙቀት በደነዘዘ እግር ሳይሆን በክርን እንለካ። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ዋግምት የሚጠቀም ሰው ለሐኪሙ ይንገር እንጂ የታዘዘለትን መድኃኒት በእነርሱ አይተካ።

መድኃኒት ሰበብ ነው፤ ፈውሱ ከአላህ ነው። ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሙሉ ፈውስ ይስጥልን። አሚን!