የብዕር ልባስ፦ ከጉድለት የተወለደ ጥበብ

በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር

የዛሬው ንግግራችን ዘወትር በእጃችሁ ስለምትይዙት ዕቃ፣ ስለ ብዕር ነው። ስለ ጫፉና ስለ ቀለሙ ግን አይደለም፤ ስለ ገላውና ገላው ስለሚለብሰው ልባስ ነው። ልባስ ስል በብዕሩ እጀታ ላይ እንደ ሰገባ የሚጠልቀውን ወይም የሚቀባውን ሽፋን ማለቴ ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አባቴ አንድ ጥቁር ብዕር ነበራቸው። ተማሪ ሳሉ ያስተማሯቸው ህንዳዊ መምህር የሰጧቸው ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ህንዳውያን መምህራን በአገራችን ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ እንደነበር ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስመረቅ አባቴ ያን ብዕር ከደረት ኪሳቸው አወጡና፣ «ልጄ፣ እኔ ደብዳቤ ጻፍኩበት፤ አንተ ደግሞ ሰው አስተምርበት» ብለው ሰጡኝ። እኔም ከማክበሬ ብዛት ላጥበው ብዬ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ሳወጣው ያ ጥቁር ብዕር ጭቃ መስሏል፤ ድኝ ድኝም ይሸታል። ክው ብዬ ቀረሁ። «ምን አጠፋሁ?» ብዬ ያን ዕለት የጀመርኩት ጥያቄ ነው ዛሬ እዚህ ማይክሮፎን ፊት ያስቀመጠኝ።

መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ብዕር የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። በግእዝ ብርዕ ማለት መቃ ወይም ሸምበቆ ማለት ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን መቃውን ቆርጠው፣ ጫፉን በቢላዋ ቀርጸው፣ በቀንድ ውስጥ ካለው ጥቁርና ቀይ ቀለም እያጠቀሱ ይጽፉ ነበር። የመቃ ብዕር ሲደንዝ ይቀረጻል፣ ሲያልቅ ይጣላል። ለእርሱ ልባስ ማን ያበጅለታል? ተጽፎ ላለቀው መጽሐፍ ግን ከቆዳ ማኅደር ይሰፉለት ነበር። ሰው የሚያለብሰው እንዲቆይለት የሚፈልገውን ነገር ነው።

ቀለሙን በሆዱ የሚይዝ ብዕር የመጣው ኋላ ነው። ፔትራኬ ፖኤናሩ የሚባል ሩማንያዊ ተማሪ በ1827 በፓሪስ ከተማ ለእንዲህ ዓይነቱ ብዕር የፈጠራ መብት ተቀበለ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የነበሩት ብዕሮች አንዴ ይደርቃሉ፣ አንዴ ደግሞ ቀለማቸውን ወረቀቱ ላይ ዱብ ያደርጋሉ። በ1884 ሉዊስ ዋተርማን የተባለ አሜሪካዊ ከጫፉ ሥር ቀጫጭን ቦዮች ያሉት ቀለም አስተላላፊ ሠራ። ቀለሙ በቦዮቹ ሲወርድ አየር በምትኩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በመሆኑም ቀለሙ በልክ ይወርድ ጀመር።

ታዲያ እጀታው ከምን ይሠራ? ቀለም አሲድ አለበት፤ ብዙ ዓይነት ብረት ይበላል። እንጨት ደግሞ ቀለሙን ይመጣል። መፍትሔው ኤቦናይት ሆነ። ኤቦናይት የዛፍ ጎማ ከብዙ ድኝ ጋር ተደባልቆ ለረጅም ሰዓት ሲጋገር የሚገኝ ጠንካራ ነገር ነው። ኔልሰን ጉድይር በ1851 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። ስሙም የተወሰደው ዞጲ ከምንለው ጥቁር እንጨት ነው። ቀለም አይበላውም፣ በመቅረጫ መኪና ላይ ይታዘዛል፣ ለእጅም ይለሰልሳል።

ነገር ግን ጉድለት የሌለው ነገር የለም። ኤቦናይት የፀሐይ ብርሃን፣ እርጥበትና ሙቀት አይወድም። እነዚህ ሲያገኙት በላዩ ያለው ድኝ ከአየር ጋር ይዋሐድና ጥቁረቱ ወደ ቡናማ፣ አንዳንዴም ወደ ወይራማ አረንጓዴ ይለወጣል። እንግዲህ የእኔ ጥፋት ይኸው ነው! ፀሐይ በብዙ ዓመት የምትሠራውን እኔ በሙቅ ውኃ በጥቂት ደቂቃ ሠራሁት። ከዚህም ሌላ ኤቦናይት በቀላሉ ይጫራል፤ ከጠንካራ ወለል ላይ ከወደቀም ይሰነጠቃል።

የልባስ ታሪክ በአንድ በኩል ይህን ጉድለት ለመሸፈን የተደረገ የእጅ ጥበብ ታሪክ ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1920ዎቹ ድረስ በአሜሪካና በአውሮፓ የብርና የወርቅ ልባስ ያላቸው ብዕሮች ይሠሩ ነበር። አንጥረኛው ብሩን እስኪሳሳ ድረስ ይዳምጠዋል፤ ጠቅልሎ ቱቦ ያደርገዋል፤ ሐረግና አበባ ይቀርጽበታል፤ ከዚያም በእጀታው ላይ ያጠልቀዋል። አንዳንዱ ልባስ ድፍን ነው። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ሲሆን፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ጥቁሩ ኤቦናይት ብቅ ብቅ ይላል። ባዶ በተተወችው ሥፍራ ላይ የባለቤቱ ስም ይቀረጻል። በጣሊያን አገር የነበሩ አንጥረኞች ከአሜሪካ የመጣውን ተራ ጥቁር ብዕር በራሳቸው ስልት በወርቅ ያለብሱት ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህን የሚገዛው ገንዘብ ያለው ሰው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ የጃፓኑ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም የጀመረው እንደ እኔ ያለ አንድ አስተማሪ ነው። ሪዮሱኬ ናሚኪ በቶክዮ የባሕር ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ለመሐንዲሶች መስመር ማስመሪያ የሚሆነው ብዕር በየደቂቃው ቀለም መጥቀስ ይፈልጋል፤ ይህም አስመረረው። ከዚያ ተነሥቶ ስለ ብዕር አሠራር ያጠና ጀመር። በ1918 ከጓደኛው ከማሳኦ ዋዳ ጋር ሆኖ የብዕር ፋብሪካ አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ የኤቦናይቱ መገርጣት እነርሱንም አስቸገራቸው።

መፍትሔውን ያገኙት ከአገራቸው ዛፍ ላይ ነው። ጃፓኖች ኡሩሺ የሚሉት የዛፍ ሙጫ አለ። ከጥንት ጀምሮ ሳህንና ሣጥን ይቀቡበታል። ጠባዩ እንግዳ ነው፤ ሌላው ቀለም በደረቅ አየር ሲደርቅ፣ ኡሩሺ የሚጠነክረው ሞቅ ባለ፣ እርጥበት ባለው አየር ነው። እርጥብ ሳለ ቆዳ ያሳክካል፤ ከጠነከረ በኋላ ግን ውኃም አሲድም አይበግረውም። በ1925 ናሚኪና ባልደረቦቹ ኤቦናይቱን በዚህ ሙጫ የሚያለብሱበትን ዘዴ አገኙ። ብርሃኑ ኤቦናይቱን አላገኘውም፤ መገርጣቱም ቀረ።

ጃፓናውያኑ ግን በዚህ አላበቁም። ሙጫው እርጥብ ሳለ የወርቅ ብናኝ እየነሰነሱ ሥዕል የሚሥሉበት ማኪ-ኤ የሚባል ጥንታዊ ጥበብ ነበራቸው፤ ትርጉሙም የተነሰነሰ ሥዕል ማለት ነው። ይህንኑ ጥበብ በብዕር ላይ አዋሉት። መቀባት፣ ማድረቅ፣ መፈተግ፣ እንደገና መቀባት፤ ለአንድ ብዕር ወራት ይፈጃል። በ1930 የለንደኑ የአልፍሬድ ደንሂል ኩባንያ እነዚህን ብዕሮች በአውሮፓ ሊሸጥ ውል ገባ። ከሠሩት ጠበብት አንዱ ጎንሮኩ ማትሱዳ ሲሆን፣ በ1955 የጃፓን መንግሥት ሕያው የአገር ቅርስ ብሎ ሰይሞታል። አያችሁ? ለበሽታ የተፈለገ መድኃኒት ጌጥ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። በ1920ዎቹ ሴሉሎይድ መጣ፤ ይህ ከውስጥ እስከ ውጭ በፈለጉት ቀለም የሚሠራ ነገር ስለሆነ የብር ልባስ ሥራ ተቀዛቀዘ። በ1945 ዛሬ እስክሪብቶ የምንለው ባለ ኳስ ብዕር በኒው ዮርክ ገበያ በ12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተሸጠ። በ1950 ፈረንሳዊው ማርሴል ቢክ ርካሹን አወጣ። እጅግ ብዙ ሰው ብዕር እንዲይዝ ስላስቻለ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ብዕር የሚጠገን ዕቃ መሆኑ እየተረሳ ሄደ። ሆኖም ሰው ብዕሩን የራሱ ማድረግ አይተውም። የእኔ ተማሪዎች እኮ ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በእስክሪብቶው ብርጭቆ መሳይ ገላ ውስጥ ይከታሉ! ይህም ልባስ ነው፤ በውስጥ በኩል የለበሰ።

አሁን ወደ አባቴ ብዕር ልመለስ። ከገረጣ በኋላ ከእጄ ወደቀና የእጀታው አፍ ተሰነጠቀ። በሰፈራችን ወዳሉ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። «አባባ፣ ይድናል?» አልኳቸው። አገላብጠው አዩትና፣ «እሳት አላስነካውም። ልባሱን ለብቻው በይጄ እጨርሳለሁ» አሉኝ። ስንጥቁን በቀጭኑ አጣበቁት። ቁራጭ ወረቀት በእጀታው ዙሪያ ጠቅልለው ልኩን ያዙ። «ልባሱ ከጠበበ እጀታውን ይሰነጥቀዋል፤ ከሰፋም ይሽከረከራል» አሉ። በየጊዜው ብዕሩን በጣታቸው ላይ አስተኝተው ሚዛኑን ያዩ ነበር፤ ብሩ ከከበደ ብዕሩ ወደ ኋላ እየጎተተ የጸሐፊውን እጅ ያደክማልና። በመጨረሻ አንዲት አጭር የብር ልባስ አጠለቁለት። የገረጣው ቦታ ግን ከልባሱ ውጭ እንደገረጣ ቀረ።

ብዕሩን ለአባቴ ወስጄ አሳየኋቸው። ስለ ብሩ አንድ ቃል አልተናገሩም። «ይጽፋል?» ብቻ አሉኝ። ወረቀት አቀረብኩላቸው፤ ስማቸውን ጻፉበት። «ደግ፤ እንግዲያ ወደ ሥራው መልሰው» አሉኝ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የተማርኩት ይህን ነው። ጥሩ ልባስ የዕቃውን ጉድለት አውቆ የሚደግፍና ዕቃውን ወደ ሥራው የሚመልስ ነው። ሥራውን የሚከለክል ልባስ ግን ወርቅም ቢሆን ሸክም ነው። እናንተም በእጃችሁ ያለው ብዕር ርካሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። በርካሽ እስክሪብቶ የተጻፈ ስምና በወርቅ ብዕር የተጻፈ ስም እኩል ይነበባሉ።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና እነዚህን አራት ቃላት ጻፉ፦ ብዕር፣ ልባስ፣ ድኝ፣ አንጥረኛ። ቀጥሎም በቡድናችሁ ተወያዩ። አንደኛ፣ ኤቦናይት ለምን ይገረጣል? ሁለተኛ፣ ጃፓናውያኑ መድኃኒቱን ከየት አገኙ? ሦስተኛ፣ በቤታችሁ ሊጠገን ሲችል የተጣለ ምን ዕቃ አለ?

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።