በቬርሳይ የመስተዋት አዳራሽ ስለ ቀለጠው ብር

የቤት ጌጥ ለባለቤቱ ክብር ምስክር ይሆን ዘንድ ይሠራል፤ ባለቤቱ ራሱ ያጠፋው እንደ ሆነ ግን ማን ይመሰክርለታል? በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የሆነው ነገር ለዚህ ምሳሌ ነውና፥ ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ አንባቢዎች በአጭሩ እንጽፋለን።

ንጉሥ ሉዊስ 14ኛ የመስተዋቱን አዳራሽ ያሠራው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1678 እስከ 1684 ዓ.ም. ነው። ሕንፃውን ያቀደ ዡል አርዱዌን ማንሳር፥ የጣራውን ሥዕል የሣለ ሻርል ለ ብሬን ይባላሉ። ርዝመቱ 73 ሜትር ነው፤ በ17 መስኮቶች ፊት ለፊት፥ በ17 ቅስቶች ውስጥ፥ 357 መስተዋቶች ተተክለዋል። ጠረጴዛው፥ መቅረዙ፥ የብርቱካን ዛፍ የሚተከልበት ገንዳ ሳይቀር ከብር የተሠራ ነበር። በ1686 ዓ.ም. የሲያም ንጉሥ መልእክተኞች በመጡ ጊዜ፥ ንጉሡ በአዳራሹ ጫፍ በብር ዙፋን ተቀምጦ ተቀበላቸው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ጦርነት ገንዘብ አስፈለገው። በ1689 ዓ.ም. መጨረሻ የብሩ ዕቃ ቀልጦ ገንዘብ ይመታበት ዘንድ አዘዘ፤ 20 ቶን ያህል ብርም ወደ እሳት ገባ። የተገኘው ገንዘብ ንጉሡ ተስፋ ካደረገው እጅግ ያነሰ ሆነ፤ እሳት የብሩን ክብደት እንጂ የአንጥረኛውን ድካም አይመልስምና። ጦርነቱም እስከ 1697 ዓ.ም. ቈየ። ኋላም በአብዮቱ ዘመን፥ በ1793 እና በ1794 ዓ.ም.፥ የቤተ መንግሥቱ ዕቃ በሐራጅ ተሸጦ ተበተነ። ከግድግዳው ጋር የተያያዘው መስተዋትና የጣራው ሥዕል ግን ቀርቶ እስከ ዛሬ ይታያል።

በቅኔ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይወጣል፤ በቬርሳይ ግን ወርቁ፥ ማለት የእጅ ጥበቡ፥ ጠፍቶ ሰሙ ብቻ ቀረ። ዕቃን በሚዛን ብቻ የሚገምት ሰው ኪሳራው ይህ ነው።

እኛም በዚህ በዓል ስንደሰት ይህን እናስብ። አባቶቻችን ያስረከቡን መስቀልና ጽና፥ ብራናና ሥዕል አርጅቷል ተብሎ በገበያ አዲስ ዕቃ ይለወጥ የሚል ሐሳብ በየደብሩ ይነሣል። አዲሱ ዕቃ ያበራ ይሆናል፤ ነገር ግን የጸለዩበትን እጆች ድካም አይሸከምም። ሉዊስ ያቀለጠው የገዛ ንብረቱን ነበር፤ እኛ ግን አደራ ጠባቂዎች እንጂ ባለቤቶች አይደለንም።