የቅኔ ቤት ቁራሽና የአቃቂ ትምህርት ቤቶች መዋጮ

ትምህርት ቤት የሚቆመው በሁለት እጅ ነው። አንደኛው የመንግሥት እጅ ሲሆን መምህሩን ቀጥሮ ደመወዙን ይከፍላል፥ ቤቱንም ይሠራል። ሁለተኛው የሕዝብ እጅ ሲሆን የተማሪውን አእምሮ ከዕለት ትምህርቱ አሳልፎ የሚያሰፋውን፥ ይኸውም ቤተ መጻሕፍቱን፥ ቤተ ሙከራውን፥ የዜማውንና የሥዕሉን መሣሪያ ያሟላል። በኢትዮጵያ ይህ ሁለተኛው እጅ ከፊተኛው ይልቅ በዕድሜ የገፋ ነው።

በቀድሞው ዘመን ለቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቀለብ የሚቈርጥ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሕፃኑ በመንደሩ ደብር ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ ከፍ ያለውን ትምህርት ሲሻ አገሩን ትቶ ይሄዳል፤ ለቅኔ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፥ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ። በዚያም ዘመድ ስለሌለው ደበሎውን ለብሶ አኰፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የባላገር ሴትም ከእንጀራዋ ቈርሳ ትሰጠዋለች። ልጇ አይደለም፤ የሚቀኘውንም ቅኔ ላትሰማው ትችላለች። ሆኖም ቅኔና ዜማ፥ አቋቋምና ትርጓሜ እስከ ዛሬ የደረሱት ከነገሥታቱ ጉልት ጋራ በእርሷ ቁራሽ ነው።

የዘመናዊው ትምህርት መንገድም ከዚህ አልራቀም። በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት በገዛ ገንዘባቸው አሠርተው ሲከፍቱ፥ ባለጸጎች ይህን አብነት እንዲከተሉ አሳስበው ነበር። በ1940 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጣለ፤ ገንዘቡም በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለትምህርት እንዲውል ተወሰነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩም የየአገሩ ሕዝብ ከወጪው ድርሻውን አዋጥቷል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ እንዲሰጥ ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያ ለወላጆችና ለመምህራን ኅብረት ትምህርት ቤቱን የመደገፍና የመከታተል ሥራ ሰጠ። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው አገር አቀፍ ንቅናቄ ሕዝቡ በገንዘብ፥ በዕቃና በጉልበት ትምህርት ቤቶቹን እንዲያድስ ጠራ። በአዲስ አበባም የተማሪዎች ምገባ ቀድሞ በበጎ አድራጊዎች ተጀምሮ፥ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው አስተዳደር ተረክቦታል። ሕዝብ የጀመረውን መንግሥት ሲረከብ፥ የሕዝቡ እጅ ደግሞ ገና ወዳልተጀመረው ለመዘርጋት ነፃ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለአቃቂ የቅርብ ነገር ነው። አቃቂ የምድር ባቡር ሐዲድ ያለፈባት፥ ኋላም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉባት የሠራተኛ ከተማ ናት። የሠራተኛው ልጅ መጽሐፍና የሙከራ ዕቃ የሚያገኘው ከትምህርት ቤቱ ካልሆነ ከቤቱ አይደለም፤ ስለዚህ መዋጮው ከሌላው ይልቅ ለእርሱ ያስፈልገዋል። ነገር ግን መዋጮው በምዝገባ ቀን በየልጁ ራስ የሚጠየቅ ከሆነ፥ ሊረዳው የታሰበውን ልጅ ከበር ይመልሰዋል። ባለጸጋ የበዛበት ሰፈር ትምህርት ቤትም በመዋጮው ሲበለጽግ፥ የድኾቹ ሰፈር ባዶ መደርደሪያ ይዞ ይቀራል።

የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ለዚህ መልስ አለው። በዚያ የሚሰጠው ያለው ሰው ነበረ፥ የሚቀበለውም የሌለው ተማሪ፤ ሰጪውም ልጁ በዚያ እንዲማር አይጠየቅም ነበር። እንዲሁ የአቃቂ ትምህርት ቤቶች መዋጮ ከከተማው ሁሉ ሊፈለግ ይገባል፤ ከፋብሪካው፥ ከነጋዴው፥ ከዕድሩና ከማኅበሩ፥ ከየደብሩ ምእመናን፥ በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ተምረው ለወግ ለማዕርግ ከበቁት። የተሰበሰበውም ገንዘብ ለምን እንደ ዋለ በወላጆች ጉባኤ ፊት በግልጽ ሊነበብ ይገባል፤ ሒሳቡን ያልሰማ ሕዝብ በሚመጣው ዓመት እጁን ይሰበስባልና።

ጌታችን በቤተ መቅደስ ከባለጸጎች መባ ይልቅ የመበለቲቱን ሁለት ናስ አከበረ። ያች መበለት ግን በፈቃዷ ሰጠች እንጂ ማንም በበር ቆሞ አላስከፈላትም።