ወደፊትና ወደኋላ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር አቅጣጫውን የመቀየሩ ታሪክ

በራዲዮ ከሩቅ የምትታዘዝ የአሻንጉሊት መኪና ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በመቈጣጠሪያው ላይ ያለው ዘንግ ወደፊት ሲገፋ መኪናዋ ትሄዳለች፤ ወደኋላ ሲሳብ ደግሞ ትመለሳለች። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ለመድረስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የታሪኩ መነሻ ኮፐንሃገን ነው። የዴንማርኩ ሊቅ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ ያለ የኮምፓስ መርፌ እንደሚዞር አሳየ። ኤሌክትሪኩ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያልፍም መርፌው በተቃራኒው ይዞራል። በሚቀጥለው ዓመት ማይክል ፋራዴይ በለንደን አንዱን ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ሳያቋርጥ እንዲሽከረከር አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1832 ደግሞ እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን ኮሙቴተር ያለው ሞተር ሠራ። ኮሙቴተር በየግማሽ ዙሩ በጥቅል ሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገለብጥ መሣሪያ ነው። እርሱ ባይኖር ጥቅሉ ትንሽ ተወዛውዞ ይቆም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። «የባትሪውን ሁለት ጫፎች ብናለዋውጥ ሞተሩ ወደኋላ ይዞራል» የሚለው አባባል ለሁሉም ሞተር አይሠራም። በአሻንጉሊት መኪና ሞተር ውስጥ ያለው ማግኔት ቋሚ ስለሆነ፣ የሚገለበጠው በሚሽከረከረው ጥቅል ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ አቅጣጫውን ይቀይራል። በቤት ውስጥ የቡና መፍጫ ዓይነት ሞተር ግን ቋሚ ማግኔት የለም፤ መስኩም የሚፈጠረው በጥቅል ሽቦ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲገለበጥ ሁለቱም አብረው ስለሚገለበጡ፣ አዟዟሩ እንደነበረው ይቀጥላል። አቅጣጫውን በየጊዜው በሚለዋውጥ የመብራት ኃይል መሥራት የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሩቅ ሆኖ ማዘዝን ያሳየው ኒኮላ ቴስላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በራዲዮ ሞገድ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በፈረንጆች አቈጣጠር በ8ኛው ቀን ቁጥር 613,809 የሆነ የባለመብትነት ማረጋገጫ ተሰጠው።

የጃፓኑ የታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 የፖርሽ 934ን አምሳል በ1/12 መጠን በኤሌክትሪክ የምትሄድና በራዲዮ የምትታዘዝ አድርጎ ለገበያ አወጣ። በዚያ ዘመን በነበሩት ብዙ መኪኖች ውስጥ አንድ ትንሽ ሞተር የብረት ክንድ እያንቀሳቀሰ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ይለዋውጥ ነበር። በኋላ ይህን ሥራ አራት የትራንዚስተር በሮች ተረከቡት። ሁለቱ በሰያፍ ሲከፈቱ ሞተሩ ወደፊት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሲከፈቱ ወደኋላ ይዞራል። በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ ግን ባትሪው በአጭሩ ተገናኝቶ ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ።

እየፈጠነ ያለን ሞተር በድንገት መገልበጥ ለምን ይጎዳል? የሚሽከረከር ሞተር ራሱ እንደ ዳይናሞ ሆኖ የባትሪውን ግፊት የሚቃወም ቮልት ያመነጫል። ለምሳሌ ባትሪው 6 ቮልት፣ የጥቅሉ ተቃውሞ 1 ኦም፣ ሞተሩ የሚያመነጨው 5 ቮልት ይሁን። በሩጫ ላይ የሚያልፈው 6 ሲቀነስ 5፣ ማለትም 1 አምፔር ብቻ ነው። ቆሞ ሲነሣ 6 አምፔር ይሆናል። በሩጫ ላይ እንዳለ ባትሪው ሲገለበጥ ግን ሁለቱ ቮልቶች ስለሚደመሩ 11 አምፔር ያልፋል። ሙቀቱ በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ በሩጫ ላይ 1 ዋት የነበረው 121 ዋት ይሆናል። በዘመናችን ያሉ ብዙ መቈጣጠሪያዎች መጀመሪያ ፍሬን ይዘው ከዚያ በኋላ ወደኋላ የሚሄዱት ይህን ለመከላከል ነው።

ስለዚህ መምህራን ይህን ትምህርት ሲያስተምሩ ደንቡን ከማስሸምደድ ይልቅ ከአሮጌ አሻንጉሊት የወጣ ሞተርና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ይዘው ቢገቡ ይመረጣል። ተማሪው ሞተሩን አቁሞ ሽቦዎቹን ያለዋውጥ፤ ለምን እንደተገለበጠም ያስረዳ። ሽቦ መለዋወጡ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የትኛው ሞተር እንደሚገለበጥና የትኛው እንደማይገለበጥ፣ መቼስ መገልበጥ እንደሌለበት ማወቅ ግን ትምህርት ነው።