ቡፌ የተወለደበት ባንኮኒ

ላስ ቬጋስ ውስጥ የአንዲት ልጅ ሰባተኛ ዓመት ልደት ሊከበር ነው። እናቷ «ሰው ይበዛብኛል፤ እባካችሁ ገበታውን ተካፈሉኝ» አለችንና ለአራታችን አንዳንድ ደረሰን። ገበታ ያልኩት እዚህ አገር «ግሬዚንግ ቦርድ» የሚሉትን ነው፤ አይብ፣ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ሥጋ፣ ፍራፍሬና ለውዝ የሚደረደርበት፣ ሁሉም እያለፈ እንዳሻው የሚያነሳበት ሰፊ ጣውላ። ቃሉ ሲፈታ የግጦሽ ሰሌዳ ማለት ነው። አያቴ ብትሰማ «ደግሞ ከበግ ቆጠሩን?» ማለቷ አይቀርም ነበር።

ከተማዋ ለእንዲህ ያለው ማዕድ እንግዳ አይደለችም። ኔቫዳ ቁማርን በሕግ ከፈቀደች ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1941 ቶማስ ኸል የተባለ የካሊፎርኒያ ባለሆቴል ከከተማው ወጣ ብሎ ኤል ራንቾ ቬጋስን ከፈተ። ዛሬ «ስትሪፕ» በሚባለው ጎዳና ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ባለካዚኖ ሆቴል እሱ ነው። በ1946 ኸርብ ማክዶናልድ የሚባል የሆቴሉ ሠራተኛ አምሽቶ ሲሠራ ራበው። ከኩሽና አይብና ቀዝቃዛ ሥጋ አምጥቶ ሳንድዊች ሊሠራ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። በዚያ ያልፉ የነበሩ ቁማርተኞች «እኛንም ርቦናል» አሉት። የላስ ቬጋስ ቡፌ የተወለደው እንዲህ ነው ይባላል። ትረካው ትንሽ ቅመም ሳይጨመርበት አልቀረም፤ ከዚያ የተከተለው ግን የታወቀ ነው። ሆቴሉ በ1 ዶላር እስኪጠግቡ የሚበላበት የሌሊት ገበታ ዘረጋ፤ ስሙንም ለላም ነጂዎች ስንቅ ከሚጭነው ጋሪ ወስዶ «ቸክ ዋገን» አለው። ከምግቡ ትርፍ የጠበቀ አልነበረም። የጠገበ ሰው ራት ፍለጋ አይወጣም፤ ካልወጣ ደግሞ ይጫወታል። ኤል ራንቾ በ1960 ተቃጠለ። ዘዴውን ግን ጎረቤቶቹ ሁሉ ቀድተውት ነበር።

ቡፌ የሚለውን የፈረንሳይ ቃል የአገር ቤት ሠርገኛ አሁን እንደ ራሱ ቃል ይጠራዋል። ከሱ በፊት ግብር ነበረ። በምኒልክ አዳራሽ መኳንንቱም ወታደሩም በየማዕረጉ፣ በየተራው እየገባ ይበላ፣ ጠጅም ይጠጣ ነበር። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 እንጦጦ ማርያም ሲመረቅ ያሰናዱትን ድግስ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ በጻፈው መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ግብርም ቢሆን ለጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ የበላ ወታደር ከጌታው አይርቅም። ከማክዶናልድ ባንኮኒ ጋር የሚያዛምደው ይኸው ይመስለኛል፤ ሁለቱም ሰው እንዳይሄድ የተዘረጉ ናቸው።

ወደ ልደታችን ልመለስ። ቀኑ ከፍልሰታ ጋር ገጠመ፤ ልጅቷ ደግሞ ሰባት ዓመት ሞልቷት ጾም ልትጀምር ነው። ስለዚህ ሦስቱ ገበታ የጾም፣ አንዱ ለሙስሊም ወዳጆቻችንና ለጎረቤት የፍስክ ሆነ። ቢላዋው ሳይቀር ተለየ። ሱቅ የሚሸጠው የተዘጋጀ ገበታ አብዛኛው የአሳማ ሥጋ አለበት፤ እሱን ግን ክርስቲያኑም እስላሙም ስለማንበላ ያለ ክርክር ወጣ። በሐላል የበሬ ሥጋ ተካነው።

የኔ ድርሻ ጥቅል እንጀራ ነበር። በሱፍ ፍትፍት ሞልቼ፣ ጠቅልዬ፣ ሁለት ጣት በሚያህል እየቆረጥኩ አቆምኩት። የመጀመሪያውን ረድፍ ሳልጨርስ ጠርዙ እንደ ድርቆሽ ተንቋቋ። የበረሃ አየር ነው፤ በ2024 ጁላይ 7 ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ የደረሰበት ከተማ ለእንጀራ አይራራም። እርጥብ ጨርቅ ሳይለብስ የተቀመጠ ጥቅል ግማሽ ሰዓትም አይቆይም። በመካከሉ አዚፋ በጎድጓዳ ሳህን፣ ዙሪያውን ስንግ ቃሪያ፣ ዳር ዳሩን ዳቦ ቆሎና ቴምር አደረግሁ። አዚፋ ቀዝቅዞ የሚበላ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። የፍስኩን ገበታ ግን በጥቂት በጥቂቱ ነበር ከፍሪጅ የምናወጣው፤ ሥጋና አይብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ በእንዲህ ያለ ሙቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም።

«መሶቡስ ምን ሆነ?» ያሉ እናቶች አልጠፉም። እውነት አላቸው፤ ጉርሻ ከጣውላ ላይ ብዙም አያምርም። መሶብ ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ቁጭ ማድረግ ይፈልጋል። የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽን በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰፈር እስከመሰየም የደረሰለት ይህ ማኅበረሰብ ታክሲ ይነዳል፣ ሆቴል ያጸዳል፣ ካርታ ያከፋፍላል፤ ሥራውም በፈረቃ ነው። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይወጣል። ወጥ ይበርዳል፤ ገበታው ይጠብቃል።

ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ተኝተው ኬኩም አልቆ፣ የልጅቷ አጎት የካዚኖ ጥቁር ሰደርያውን እንደለበሰ ገባ። ከጨርቁ ሥር የተረፉ ሰባት ጥቅልሎች አገኘ። ከኩሽናው ባንኮኒ ተጠግቶ አዚፋውን እያጠቀሰ መብላት ጀመረ።

«ኧረ ቁጭ ብለህ ብላ!» አለችው እህቱ።

«ስምንት ሰዓት ቆሜ ውዬ አሁን ብቀመጥ ማን ያስነሳኛል?» አለና ሌላ አነሳ።