የጨዋታ ምልክትና የጦርነት መታሰቢያ

በአሜሪካ አገር፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 ዓ.ም. የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1861 የርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ተማሪዎቹ ከጥቂቶች በቀር መጽሐፋቸውን ትተው፣ ባርነትን ለማጽናት ከተለየው ከደቡቡ ወገን ጋር ዘመቱ፤ በ1863 በጌቲስበርግ ብዙዎቹ ወደቁ።

በ1936 የዩኒቨርሲቲው ኳስ ተጫዋቾች «ዐመፀኞች» ተባሉ፤ ኋላም የደቡብ ባላባት መስሎ የተሣለ ሽማግሌ ኮሎኔል ምልክታቸው ሆነ። በ1962 ጀምስ ሜሬዲዝ የተባለ ጥቁር ተማሪ ሊገባ ሲል ግን ሁከት ተነሥቶ ሁለት ሰዎች ሞቱ።

ነገሩ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ለጨዋታ የተሣለው ሽማግሌ ነው፤ ወርቁ ግን አያቱ በገበያ ለተሸጠበት ሰው የሰንሰለት ድምፅ ነው። ምልክቱ ይቈይ የሚሉት «የአባቶች ሞት አይረሳ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ለሙታን ማልቀስ ሌላ፣ የሞቱለትን ነገር በእልልታ ማወደስ ሌላ ነው። ለልቅሶ መቃብር አለ፤ የኳስ ሜዳ ግን የእልልታ ስፍራ ነው።

ኮሎኔሉ በ2003 ከሜዳ ተነሣ፤ በዩኒቨርሲቲው አደባባይ የቆመው የደቡብ ወታደር ሐውልትም በ2020 ወደ ወታደሮቹ መቃብር ተዛወረ። ተጫዋቾቹ ግን ዛሬም «ዐመፀኞች» ይባላሉ። ሰሙ ቀለጠ፤ ስሙ ግን ወርቁን ይዞ ቀረ፤ ስለዚህ ክርክሩ ገና አልተፈጸመም።